ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ዓመታት

የጉልበት ልም አጥንት ቀዶ ሕክምና አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል፤ የተቀደደውንና የተሸረፈውን ቆርጦ የሚያነሣ፣ የጎደለውን መልሶ ለማብቀል የሚሞክር፣ ያለቀውን መገጣጠሚያ በብረትና በፕላስቲክ የሚተካ። ሦስቱም የሚጀምሩት ከተመሳሳይ ቅሬታ ነው፤ ደረጃ ሲወጡ የሚወጋ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚይዝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ጉልበት። ከሦስቱም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተሻለኝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ልዩነታቸው የሚገለጠው ዓመታት ሲያልፉ ነው።

ዕድሜው ከ50 ላለፈ ሰው ትልቁ ጥያቄ ከ5፣ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ጉልበቱ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት እፎይታ ለዚህ መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው ታማሚዎችን በዕጣ ከፋፍለው ለዓመታት በተከታተሉ ጥናቶችና የመገጣጠሚያ ቅየራ በሚመዘገብባቸው አገሮች መዛግብት ውስጥ ነው። እነዚህ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነገር ይናገራሉ።

### ደም የማይደርሰው አካል

ጉልበት የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። የሦስቱም አጥንቶች መገናኛ ገጽ ነጭና አንሸራታች ልም አጥንት ለብሷል፤ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ደግሞ ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ልም አጥንቶች አሉ፤ አንዱ በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን፣ ሌላው በውጭኛው ጎን። ሥራቸው የሰውነትን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ማከፋፈልና ሲራመዱ የሚፈጠረውን ግጭት ማብረድ ነው።

አጥንቱን የለበሰው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ነርቭም የለውም። ቀለቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ሰው ሲረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ እግሩን ሲያነሣ ፈሳሹን መልሶ ይመጣል። ስለዚህ እንቅስቃሴ የልም አጥንት መኖሪያው ነው። ደም ስለማይደርሰው ግን ሲጎዳ የሚጠግነው ነገር አያገኝም። ሜኒስከስም ቢሆን በጎልማሳ ሰው ላይ ደም የሚደርሰው ውጭኛው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ከተቀደደ በራሱ አይሽርም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1743 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ የጠፋ ልም አጥንት እንደማይመለስ አስፍሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡ የጉልበት ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ የሚጋፈጡት ይህንኑ እውነት ነው።

ልም አጥንቱ ነርቭ ከሌለው ሕመሙ የሚመጣው ከአካባቢው ነው። ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የሚበግነው የመገጣጠሚያ ሽፋን፣ ጅማቶቹና የደከሙት ጡንቻዎች ሁሉ ይሳተፋሉ። ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ሕመምም መላውን መገጣጠሚያ የሚይዝ እንጂ የልም አጥንት ማለቅ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ፈሳሹ ደርቆብኛል ብሎ ያስባል፤ በብዙ የታመሙ ጉልበቶች ውስጥ ግን በብግነቱ ምክንያት ፈሳሹ እንዲያውም ይበዛል፤ ጉልበቱ የሚያብጠውም ለዚህ ነው።

> ልም አጥንት ነርቭ የለውም፤ ሕመሙ የሚመጣው ከአካባቢው ነው።

### በስክሪን ላይ የሚታይ ጉልበት

ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲሠራ የኖረው አርትሮስኮፒ የሚባለው በካሜራ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። መነሻው ጃፓን ነው። ኬንጂ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1918 ቶኪዮ ውስጥ የሽንት ፊኛ መመልከቻ መሣሪያ በአስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብቶ አየ። ያነሣሣው የጉልበት ቲቢ ነበር፤ በሽታው ጉልበትን ያደርቃል፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ መቀመጥ ባህሉ በሆነ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ የማይታጠፍ ጉልበት ከባድ ጉዳት ነው። ተማሪው ማሳኪ ዋታናቤ መሣሪያውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቀደደ ሜኒስከስን በዚህ ዘዴ ቆርጦ አወጣ። ከዚያ በኋላ ዘዴው ወደ ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ተሻገረ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥም በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩት የአጥንት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታማሚው በጀርባው ይተኛል፤ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣው ከወገብ በታች ይሰጣል። ታፋው ላይ ደም የሚያግድ ማሰሪያ ይጠብቃል። ሐኪሙ ከጉልበት ሎሚ ዝቅ ብሎ፣ በጅማቱ ግራና ቀኝ፣ 1 ሳንቲ ሜትር የማይሞሉ ሁለት ቀዳዳዎች ይከፍታል። በአንዱ ካሜራው፣ በሌላው መሣሪያው ይገባል። ንጹሕ የጨው ውሃ መገጣጠሚያውን ሞልቶ ይወጥረዋል፤ ስክሪኑም ይጠራል።

በወጣት ጉልበት ውስጥ የሚታየው ነጭ፣ የሚያብረቀርቅና ጭረት የሌለው ገጽ ነው። የ60 ዓመት ሰው ጉልበት ሌላ ነው። ልም አጥንቱ ወደ ቢጫ አድልቷል፤ አንዳንድ ቦታ ተበጣጥሶ ክሩ በውሃው ውስጥ ይወዛወዛል፤ ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ሥሩ ያለው አጥንት ይታያል። የሜኒስከሱ ውስጠኛ ጠርዝ ሸካራና የተሸረከተ ነው። ሐኪሙ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን መንጠቆ አስገብቶ ጠርዙን ይነካካል፤ ያልተያዘውን ቁራጭ ያነሣዋል። በትንሽ መቁረጫ ይቆርጠዋል፤ በሚሽከረከር መላጫ ጠርዙን ያስተካክላል። ስብርባሪው በቱቦ ተስቦ ይወጣል። ካሜራው ሲወጣ ቀዳዳዎቹ በጥቂት ስፌት ይዘጋሉ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ታማሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በስክሪን ላይ የተሸረከተው ሲስተካከል ያየ ሰው ጉልበቱ ተጠገነ ቢል አይፈረድበትም። የተደረገው ግን መቀነስ ነው፤ የተመለሰ ልም አጥንት የለም።

### ቆዳ ብቻ የተቆረጠላቸው

ቀዶ ሕክምናው ለዓመታት ሲሠራ ምስክሮቹ ታማሚዎቹ ነበሩ። ተሻለኝ የሚሉት ብዙ ነበሩ፤ ሐኪሞቹም በየዕለቱ የሚያዩት ይህንኑ ነበር። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግን እፎይታው በእርግጥ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ መሆኑን ለማወቅ ፈለጉ። 180 የኦስቲዮአርትራይተስ ታማሚዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ልም አጥንቱ ተላጨ። የሁለተኛው መገጣጠሚያ በውሃ ታጠበ። ሦስተኛው ቡድን ቆዳው ተቆርጦ ተሰፋ እንጂ ወደ መገጣጠሚያው የገባ መሣሪያ አልነበረም። ታማሚዎቹ እንዳይለዩ ሐኪሙ መሣሪያ ይጠራል፣ ጉልበቱን ያንቀሳቅሳል፣ የውሃ ድምፅም ይሰማል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። በ2 ዓመት ክትትል ሦስቱ ቡድኖች በሕመምም በእንቅስቃሴም አልተለያዩም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከካናዳ የወጣ ጥናት ፊዚዮቴራፒና መድኃኒት ብቻ የወሰዱትን፣ በዚያ ላይ አርትሮስኮፒ ከተጨመረላቸው ጋር አነጻጸረ። ከ2 ዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምናው የጨመረው ነገር አልተገኘም።

ብዙ ኦርቶፔዲክ ሐኪሞች ይህን ሲሰሙ ተገቢ ጥያቄ አነሡ። ልም አጥንቱ ላለቀ ሰው አይጠቅም ይሆናል፤ ልም አጥንቱ ገና ደህና ሆኖ ሜኒስከሱ ብቻ ለተቀደደውስ? ለዚህ መልስ የሰጠው የፊንላንድ ጥናት ነው። በ5 ሆስፒታሎች፣ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆኑና ሜኒስከሳቸው በጊዜ ብዛት የተቀደደ 146 ሰዎች ተመለመሉ። ለሁሉም ካሜራ ገብቶ ጉልበታቸው ታየ፤ ከዚያ በዕጣ ለግማሾቹ ሜኒስከሱ ተቆረጠ፣ ለግማሾቹ የማስመሰል ሥራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ተሽሏቸው ነበር። ክትትሉ 5 ዓመት ሲሞላም በሕመም ረገድ ልዩነት አልታየም፤ በራጅ ላይ የሚታየው የኦስቲዮአርትራይተስ ምልክት ግን ሜኒስከሳቸው በተቆረጠባቸው ላይ በመጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ኖርዌይ ውስጥ 140 ሰዎች ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹ የ12 ሳምንት የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አገኙ። ከ2 ዓመት በኋላ እኩል ነበሩ፤ ከ5 እና ከ10 ዓመት በኋላም በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተፈጠረም። በኔዘርላንድስ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 70 በሆኑ 321 ሰዎች ላይ የተደረገውም እስከ 5 ዓመት ተከትሎ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ውስጥ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ከ3 ሰዎች 1 ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ሳይቆረጡ ኖረዋል።

> ከ5 ዓመት በኋላ የተቆረጠለትና የተቆረጠለት የመሰለው ሰው እኩል ተሽሏቸዋል።

### ታዲያ ለምን ይሻላቸዋል?

የታማሚዎቹ እፎይታ እውነተኛ ነው፤ ማንም አያስተባብለውም። ምንጩ ግን ሌላ ነው። የጉልበት ሕመም ይነሣል፣ ይበርዳል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ ጣሪያ ሲነካ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሻል ያዘነብላል። ከቀዶ ሕክምናው ጋር እረፍት፣ የሕመም ማስታገሻና የታዘዘ እንቅስቃሴ አብረው ይመጣሉ። በላዩ ላይ ትልቅ ነገር ተደረገልኝ የሚለው እምነት ራሱ ሕመምን ያቀልላል፤ የማስመሰል ቀዶ ሕክምናዎቹ በጉልህ ያሳዩት አንዱ ነገር ይህ ነው።

መቀደዱ የሕመሙ ምንጭ የሚመስለው ደግሞ በኤምአርአይ ላይ ስለሚታይ ነው። ከዕድሜ ጋር ሜኒስከስ እንደ ፀጉር ሽበት ባይታይም ይለወጣል፤ ይሸረከታል፣ ይቀደዳል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ 991 ነዋሪዎች፣ ታመሙም አልታመሙ፣ ጉልበታቸው በኤምአርአይ ታየ። ከ70 ዓመት በላይ ከሆኑት ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሜኒስከስ ጉዳት ተገኘባቸው። መቀደድ ከተገኘባቸው ሰዎች ውስጥ 61 በመቶው ባለፈው ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልነበራቸውም። እንግዲህ የ62 ዓመት ሰው ጉልበቱን አሞት ኤምአርአይ ሲነሣ መቀደድ ቢታይ፣ ያ መቀደድ የሕመሙ መነሻ ነው ለማለት አይቻልም። ምናልባት ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት እዚያው ነበር።

### ቆርጦ ማውጣት የሚያስከፍለው

ሜኒስከስ ቢወጣ ምንም አይጎድልም የሚባልበት ዘመን ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፌርባንክ እ.ኤ.አ. በ1948 ሜኒስከሳቸው የወጣላቸውን ሰዎች ራጅ መርምሮ የመገጣጠሚያው ክፍተት እንደሚጠብና አጥንቱ ቅርጹን እንደሚለውጥ ገለጸ። ክብደት የሚያከፋፍለው አካል ሲነሣ ጫናው በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ልም አጥንቱም ቶሎ ያልቃል። ዛሬ የሚቆረጠው ትንሽ ክፍል ብቻ ቢሆንም መርሁ አልተለወጠም።

እነዚህ ማስረጃዎች ሲጠራቀሙ እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ ሐኪሞችና ታማሚዎች አብረው ያዘጋጁት መመሪያ፣ በጊዜ ብዛት ለተጎዳ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ በጠንካራ ቃል መከረ። ምክሩ ከሞላ ጎደል ሁሉንም እንዲህ ዓይነት ታማሚዎች ይመለከታል፤ በኤምአርአይ የሜኒስከስ መቀደድ የታየባቸውንም ጭምር።

ይህ ማለት አርትሮስኮፒ ለማንም አይሠራም ማለት አይደለም። በአደጋ ወይም በስፖርት በድንገት የተቀደደ ሜኒስከስ፣ በተለይ በወጣት ሰው ላይ፣ ሊሰፋና ሊተርፍ ይችላል። የተገለበጠ ቁራጭ መካከል ገብቶ ጉልበቱ ታጥፎ ከቀረና አልዘረጋም ካለ ቁራጩ መነሣት ወይም መመለስ አለበት። በመገጣጠሚያው ውስጥ የተፈጠረ ኢንፌክሽን ሲኖርም መታጠብ ግዴታ ነው። ልዩነቱ ጉዳቱ የመጣበት መንገድ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ሕመሙ መቼና እንዴት እንደጀመረ ደጋግሞ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

### ልም አጥንትን መልሶ ማብቀል

ሁለተኛው ጎራ የጎደለውን ለመሙላት የሚደረግ ጥረት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ስቴድማን በ1980ዎቹ ያስፋፋው ማይክሮፍራክቸር የሚባለው ዘዴ የተራቆተውን አጥንት በቀጭን መሣሪያ ይበሳል። ከመቅኒው የሚወጣው ደም ረግቶ ቦታውን ይሞላል፤ በወራት ውስጥ ወደ ልም አጥንት መሰል ነገር ይለወጣል። የሚበቅለው ግን የመጀመሪያውን ዓይነት አይደለም፤ ጠባሳነት ያለውና ጫና የማይችል ነው። ውጤቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መልካም ሆኖ በኋላ እየደከመ ይሄዳል።

በስዊድን ጎተንበርግ ላርስ ፔተርሰንና ማትስ ብሪትበርግ ሌላ መንገድ ጀመሩ። ከታማሚው ጉልበት ትንሽ ልም አጥንት ተወስዶ ሴሎቹ በላቦራቶሪ ይራባሉ፤ ከሳምንታት በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ጉድለቱ ላይ ይተከላሉ። የመጀመሪያው ታማሚ እ.ኤ.አ. በ1987 ታከመ፤ ሪፖርቱ በ1994 ታተመ፤ በዓለም ዙሪያም ትልቅ ተስፋ አሳደረ። በሃንጋሪ ደግሞ ላስሎ ሃንጎዲ ብዙ ክብደት ከማያርፍበት የጉልበት ክፍል ትንንሽ የአጥንትና የልም አጥንት ዘንጎች ነቅሎ ወደተጎዳው ቦታ የማዛወርን ዘዴ አዳበረ።

የረጅም ጊዜው ፍርድ ከኖርዌይ መጣ። 80 ታማሚዎች ግማሾቹ ማይክሮፍራክቸር፣ ግማሾቹ የሴል ተከላ ተደርጎላቸው ለ15 ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ከ40ዎቹ የሴል ተከላ ታማሚዎች በ17ቱ፣ ከ40ዎቹ የማይክሮፍራክቸር ታማሚዎች በ13ቱ ሕክምናው ከሽፏል። ከቀሩትም ግማሽ ያህሉ በራጅ የመጀመሪያ የኦስቲዮአርትራይተስ ምልክት ታየባቸው። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን በቅን አስቀምጠውታል፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች ከቀድሞው የተሻሉ ቢሆንም ልም አጥንቱ ግን እንደ ጥንቱ አልተመለሰም።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በአብዛኛው በወጣቶችና በጎልማሶች ላይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የተፈቀደው የሴል ተከላ ምርት መግለጫ ራሱ ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ደኅንነቱና ጥቅሙ እንዳልተረጋገጠ ይናገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ዘዴዎች የሚሠሩት ዙሪያው ጤነኛ በሆነ ልም አጥንት መካከል ላለ አንድ ጉድለት ነው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ጉልበት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ መላው ገጽ ሳስቷል፣ ሴሎቹም የመራባት አቅማቸው ቀንሷል።

> ጉድለትን መሙላት የሚቻለው ዙሪያው ጤነኛ ሲሆን ነው።

በመካከል ላይ የሚቆም አንድ ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ። እግሩ ወደ ውጭ የጎበጠና ጉዳቱ በጉልበቱ አንድ ጎን ብቻ የሆነ፣ ገና ብርቱ ሥራ የሚሠራ ሰው ቅልጥሙ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ይቃናለታል። ክብደቱ ወደ ጤነኛው ጎን ይዛወራል። በሚገባ ለተመረጠ ታማሚ ይህ መገጣጠሚያ መቀየርን ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያዘገይ ይችላል።

### መገጣጠሚያ ሲቀየር

ልም አጥንቱ ሙሉ በሙሉ አልቆ፣ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ሲመጣና እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስና መድኃኒት ተሞክረው ሳይበቁ ሲቀሩ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ቅየራ ነው። የዛሬው ንድፍ መሠረት የተጣለው በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ በጆን ኢንሶልና ባልደረቦቹ ነው። ሐኪሙ የጭኑንና የቅልጥሙን ጫፍ በስሱ ይቆርጣል፤ የጭኑን ጫፍ በብረት ያለብሳል፤ በቅልጥሙ ላይ የብረት መደብ ያስቀምጣል፤ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ታማሚው በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ጉልበቱ እንዳይደርቅ በየቀኑ መታጠፍና መዘርጋት አለበት፣ ያ ደግሞ ያማል።

የረጅም ጊዜ ውጤቱ ከሌሎቹ ሁሉ የጠነከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የታተመ፣ የአገራት መዝገቦችን ያጠናቀረ ጥናት ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚዘልቁ አሳይቷል። በአንድ ጎን ብቻ ከተቀየሩት ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ይዘልቃሉ። ዕድሜ እዚህ ላይ ይፈርዳል። ከ70 ዓመት በኋላ ጉልበቱን የቀየረ ሰው በቀሪው ዘመኑ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከ20 ሰው 1 ያህል ነው፤ በ50ዎቹ መጀመሪያ የቀየረ ወንድ ግን ከ3 ሰው 1 ያህል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ኦርቶፔዲክ ሐኪሞች ለ52 ዓመት ሰው ትንሽ ቆይ የሚሉት ለዚህ ነው።

ቅየራም ቢሆን ያለ ስጋት አይደለም። ከ100 ሰዎች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ኢንፌክሽን ወደ መገጣጠሚያው ሊገባ ይችላል፤ ስኳር ያለበት፣ የሚያጨስና በጣም የወፈረ ሰው ስጋቱ ከፍ ይላል። የደም መርጋትም ያሳስባል። ቢበዛ ከ5 ሰዎች 1 ያህሉ ብረቱ በትክክል ተቀምጦ ሳለ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አይለቃቸውም። በዴንማርክ 100 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ጉልበታቸው የተቀየረላቸው በእንቅስቃሴና በምክር ብቻ ከታከሙት የበለጠ ተሽሏቸዋል፤ ከባድ የጤና እክልም በእነሱ ላይ በዝቷል። ያልተቀየረላቸውም ቢሆን ተሽሏቸው ነበር፤ በ2 ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት ከ3ቱ 1 ያህሉ ናቸው።

### ያለ ቢላዋ የሚሠራው

በየጥናቱ ከቀዶ ሕክምና ጋር የተፎካከረው እንቅስቃሴ ቀላል ሽርሽር አልነበረም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚያዙት የታፋን ፊት፣ የመቀመጫንና የባትን ጡንቻ ደረጃ በደረጃ የሚያጠነክር ሥራ ነው፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፣ ግድግዳ ተደግፎ ዝቅ ማለት፣ ብስክሌት። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ3 ወር ያህል። ባለሙያዎቹ ብዙ ታማሚዎች የሚያቋርጡት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሆነ ይናገራሉ፤ ትንሽ ሕመም ሲሰማቸው ጉልበታቸው የተበላ ይመስላቸዋል። መጠነኛ ሕመም በማግስቱ የሚበርድ ከሆነ ጉዳት የለውም። በልኩ የሚደረግ እንቅስቃሴ ልም አጥንትን አይጨርስም።

ክብደትም ትልቅ ድርሻ አለው። ከሰውነት የሚቀንስ እያንዳንዱ 1 ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። መርፌን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት ጉልበታቸው ውስጥ የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ የተወጉ ሰዎች የጨው ውሃ ከተወጉት የበለጠ ልም አጥንት እንዳጡ፣ በሕመም ረገድ ግን እንዳልበለጡ አሳይቷል። አንድ መርፌ ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋል፤ በልማድ መደጋገሙ ግን ሌላ ነገር ነው።

### በኢትዮጵያ ያለው መልክ

ኢትዮጵያዊ ጉልበት የሚፈተንባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም፣ በርጩማ፣ መሬት ላይ የሚገኝ መጸዳጃ፣ ለጸሎት መስገድ። መገጣጠሚያ የተቀየረለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በምቾት ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፤ ቁጢጥ ማለትና በሁለት ጉልበት መንበርከክ ግን ለብዙዎች ይከብዳል። ለእናት ወይም ለአባት ቀዶ ሕክምና የሚያዋጡ ልጆች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ደግ ነው፤ በጸሎትና በቤት አኗኗር የሚመጣውን ለውጥ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መነጋገር ከኋላ ቅሬታ ያድናል።

የመገጣጠሚያ ቅየራ በአዲስ አበባ ይሠራል፤ አቅሙ የፈቀደ ደግሞ ወደ ህንድ፣ ታይላንድና ቱርክ ይሄዳል። ውጭ የሚታከም ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው ክትትልን ነው። ስፌቱ ሳይደርቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ከባዱን የፊዚዮቴራፒ ጊዜም ብቻውን ይጋፈጣል። የገባለትን መገጣጠሚያ ዓይነትና መጠን የሚገልጸው ወረቀትም በጥንቃቄ መቀመጥ አለበት፤ ከ15 ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ሊያስተካክለው ቢፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ወጌሻ ጋ መታሸት ብዙዎችን ለጊዜው ያሳርፋል፤ ያበጠና የጋለ ጉልበትን ግን መጎተትና መጠምዘዝ ጉዳቱን ያብሳል።

### ከውሳኔ በፊት

ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ቀዶ ሕክምና ሲመከርለት ሐኪሙን መጠየቅ ያለበት ጥቂት ነገር ነው። የታሰበው ቀዶ ሕክምና ከሦስቱ የትኛው ነው? ሕመሙ የመጣው በእርግጥ ኤምአርአይ ላይ ከታየው ጉዳት ነው? የ3 ወር እንቅስቃሴ በባለሙያ ክትትል ተሞክሯል? ከ5 እና ከ10 ዓመት በኋላ ከማይቆረጠው ሰው በምን እሻላለሁ? ጥሩ ሐኪም እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል።

የጥናቶቹ ድምር ግልጽ መልስ ይሰጣል። በጊዜ ብዛት የተቀደደን ሜኒስከስ መቁረጥና የተሸረፈን ልም አጥንት መላጨት በረጅም ጊዜ ከእንቅስቃሴ የተሻለ ውጤት አላሳየም፤ ጉልበቱ ታጥፎ ለቀረበት ወይም በአደጋ ለተጎዳ ሰው ግን ቦታ አለው። ልም አጥንትን መልሶ የማብቀል ዘዴዎች በዋናነት የወጣቶች ናቸው፤ ለእነሱም ቢሆን የ15 ዓመት ዋስትና አልሆኑም። መገጣጠሚያ መቀየር ደግሞ ጊዜው ሲደርስና ሌላው ተሞክሮ ሲያልቅ ለአብዛኛው ሰው ለቀሪ ዘመኑ የሚበቃ ጉልበት ይሰጣል። ከሦስቱም በፊትም ሆነ በኋላ የታፋ ጡንቻን ማጠንከርና ክብደትን መቆጣጠር የማይቀር ሥራ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያደረገውም ያላደረገውም ሰው ጉልበቱን ለዓመታት የሚያቆየው በእነዚህ ነው።